በቀኝ እጅ ጆሮ መንካት

እሑድ ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ ከሮቤ ወደ ጎባ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። በማግስቱ ጎባ በማስተምርበት ትምህርት ቤት ለዜሮ ክፍል ልጆች የምመዘግበው እኔ ነበርኩ። ከፊቴ አንድ አባት ልጁን አቅፎ ተቀምጧል። ልጅቷ እንቅልፍ ወስዷታል። አጠገቡ ያሉት አሮጊት ወሬ ጀመሩ።

«ትምህርት ቤት ገባች?»

«ሁለት ዓመት ወሰድኳት፣ አዴ። ሁለቴም መለሷት።»

«ምን አጥፍታ?»

«እጅሽን በራስሽ ላይ አሻግረሽ ጆሮሽን ንኪ አሏት። ለዕድሜዋ መለኪያ ነው። ጨቅላ ሳለች እሳት ላይ ወድቃ ቀኝ ክርኗ ተኮማትሯል፣ አይዘረጋም።»

«በግራዋ አትነካም?»

«ነካች እንጂ። ደንቡ በቀኝ ነው አሉኝ።»

«ሊያስተምሩ የፈለጉት ጆሮዋን ነው እንዴ?»

«ታናሽ ወንድሟ በቀደም ነክቶ ገባ።»

«እሷስ ምን አለች?»

«ጠዋት ጠዋት ክንዷን በሻሽ አስራ ትጎትታለች። ይረዝምልኛል ትላለች። ትናንት ቆዳው ተሰነጠቀ፤ ሆስፒታል የምወስዳትም ለዚያ ነው።»

«ያ ረቢ። ጎባ ዘመድ የለህም? እዚያ ነገ ምዝገባ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«እህቴ አለች። እዚያስ ጆሮሽን ንኪ አይሏትም? ሦስተኛ አላዋርዳትም፣ አዴ።»

አሮጊቷ የልጅቷን እግር በነጠላቸው ሸፈኑላት።

እስክንወርድ ድረስ አንገቴን ደፍቼ ቆየሁ፤ በማግስቱ ጠዋት ግን ጠረጴዛዬ ፊት የቀረበው የመጀመሪያው ልጅ ማንም ሳያዘው እጁን በራሱ ላይ ሲያሻግር፣ ይዤ አወረድኩለት።