አስቀድማ የነበረች ሚስት

ነይ እዚህ ጋ ተቀመጪ፣ አግዳሚው ለሁለታችን ይበቃል። ኧረ ጫማሽ እንዴት ያምራል! አዲስ ነው? የኔማ እዚህ ኢንሹራንስ ቢሮ ስመላለስ ተረከዙ አለቀ... ምን ይደረግ፣ ወንድምሽ ሐሙስ የልብ ቀዶ ጥገና አለበት። ዛሬ ኢንሹራንሱ "ወጪውን እሸፍናለሁ" በሚልበት ደብዳቤ ላይ ማኅተም ካላረፈ ሆስፒታሉ አልጋውን ለሌላ ሰው ይሰጠዋል።

ቆይ፣ ወደ መስኮቱ አትዪ! ስለ ባለመነጽሩ መች አወራሁ? እኔ የማወራልሽ ስለ አንድ ሌላ ጨዋ ሰው ነው። እንዴት ያለ ጠንቃቃ መሰለሽ! ሕመም ሲነግሩት እንደ ተራ ሰው አይደነግጥ፣ ከንፈር አይመጥ። "መቼ ጀመረው?" ብቻ ነው የሚለው። ሳይቃጠል በቅጠል አይደል ተረቱ? እሱ ግን ቅጠሉ መቼ እንደተበጠሰ ሳያጣራ እሳት አያጠፋም።

ጥፋቱ የኔ ነው። "የድሮ የሕክምና ካርድ ካለ ይያያዝ" ቢሉኝ፣ ሠላሳ ዓመት በላስቲክ ጠቅልዬ ያኖርኩትን የክሊኒክ ካርድ ይዤላቸው ከተፍ! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ብለው አሳድገውኝ... ይኸው ገለጥነው፤ መድኃኒቱን አየሽው?

ለካ ወንድምሽ በጎረምሳነቱ ክሊኒክ ሄዶ፣ "አንዲት ልብስ ሰፊ በደጃችን ስታልፍ ልቤ ይመታል፣ እንቅልፍም አጣሁ" ብሎ ኖሯል። ሐኪሙም ቀልደኛ ነው መሰለኝ፣ "የልብ ምት ይፈጥናል፤ መንስኤ፦ ልብስ ሰፊዋ" ብሎ ጻፈለት። ልብስ ሰፊዋ ማን ናት? እኔ ነኛ!

ያ ጨዋ ሰው ታዲያ በቀይ አሰመረብኝ። "ሕመሙ ውል ከመግባታቸው አስቀድሞ የነበረ ነው፤ እንዲህ ላለው አንከፍልም" አለና ከላይ እስከ ታች አየኝ። "እርስዎ እስካሁን አብረውት ነው የሚኖሩት?" አዎ ስለው፣ "መንስኤው አልተወገደም" ብሎ ጻፈ። ወይ እውቀት! ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሽታ መሆኔን አንድም ሰው አልነገረኝም እኮ! "ብፈታውስ?" አልኩት። "የፍቺ ወረቀት ያምጡ፤ ከዚያ የስድስት ወር መጠበቂያ አለ" አለኝ፣ ሳይስቅ።

ስድስት ወር... ወንድምሽ እኮ ሁለት ደረጃ ወጥቶ ነው ቁጭ የሚለው። ዛሬ ጠዋት ሸሚዙን ስቆልፍለት ልቡ ከጣቴ ሥር ሲንፈራገጥ ተሰማኝ። ፈራሁ፣ እህት ዓለም። በጣም ፈራሁ።

ድምፄ ከፍ አለ እንዴ? ይኸው፣ ባለመነጽሩ ደብዳቤያችንን ያለ ማኅተም በቀዳዳው ገፋው፤ መስኮቱንም ዘጋው። ይዝጋ፣ የምሳ ሰዓቱ ደርሶ ይሆናል። ረሃብስ ቢሆን አስቀድሞ የነበረ አይደል?

እኔ ቂም አላውቅም። ዕድሜ ይስጠው፤ ፀጉሩ እስኪሸብት፣ ጉልበቱ እስኪከዳው ያኑረው። አሜን በይ እንጂ! ልጆቹንም ያሳድግለት፤ አንዳቸው ሳይቀሩ ቁርጥ እሱን ይምሰሉለት። አልጋ ላይ የዋለ ቀን "ድረሱልኝ" የሚለው እነሱን አይደል?