ግራና ቀኝ የሚያገላብጠው መመልከቻ

የምስክር ስም፦ ቱሪድ ሀውገን
ዕድሜ፦ 61
ሥራ፦ የካሜራ ዕቃ መደብር ባለቤት
አድራሻ፦ ኦሌሱንድ ከተማ፣ ኖርዌይ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ሰኞ፣ ጁን 17 ቀን 2019 እ.ኤ.አ.

ማንም ሳይጠራኝ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ቀርቤ የሚከተለውን አስረድቻለሁ።

የባሕር ወፍ ፎቶ አንሺውን ኢንግቫር ሞልቴን ከልጅነቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ባለፈው ሐሙስ ከቀትር በኋላ መደብሬ መጥቶ ጎባጣ መመልከቻ ጠየቀኝ። ይህ ዕቃ ካሜራው ላይ ተገጥሞ፣ ካሜራውን መሬት አስጠግቶ የሚያነሳ ሰው ሳይተኛ ከላይ አጎንብሶ እንዲያይ ያስችለዋል። የካሜራው ፋብሪካ የሚሠራው ዋናው ሁሉን እንዳለ ያሳያል። ተመሳስሎ የተሠራው ርካሹ ግን ግራውን ቀኝ፣ ቀኙን ግራ ያደርጋል። ኢንግቫር ርካሹን መረጠ።

በሩ ላይ አቁሜው እንዴት እንደሚያገላብጥ አሳየሁት። ወደ ወደቡ የሚወርደው አውቶቡስ በመመልከቻው ውስጥ ወደ ተራራው ሲሄድ አይቶ ሳቀ። "አንተ ቆንቋና፣ ዋናውን ውሰድ! አስላክ እርሻውን ሲረከብ ይከፍልልሃል" ብዬ ቀለድኩበት። አስላክ ታላቅ ወንድሙ ነው፤ በእኛ ዘንድ የአባት እርሻ ለበኩር ነው። በዚህ አልሳቀም።

"ዋናውማ አለኝ፤ አምና ከአንቺው አይደል የገዛሁት?" አለኝ።

"ታዲያ ይሄ ምን ይሠራልሃል?"

"ለአንድ ቀን ነው፣ ቱሪድ።"

ሌላ ጊዜ ደረሰኝ ጥሎ የሚሄድ ሰው፣ ያን ቀን ጠይቆ ኪሱ ከተተው።

ቅዳሜ አስላክ በሩንደ ደሴት የባሕር ወፎች ከሚሰፍሩበት ገደል ወድቆ መሞቱን ሰማሁ። ኢንግቫር በዛሬው ጋዜጣ እንደተናገረው፣ ወንድሙን ፎቶ ሲያነሳ ከገደሉ ጫፍ ሊያርቀው ብሎ "ወደ ግራ አንድ እርምጃ" ብሎታል፤ ገደሉ ያለው ግን በግራ ነበር፤ መመልከቻው እንደሚያገላብጥ ፈጽሞ አላወቅሁም ብሏል።

ዛሬ ጠዋት መደብሬን ልከፍት ስደርስ ደጃፉ ላይ ቆሞ አገኘሁት። "ሐሙስ በሩ ላይ ያሳየሽኝን ረስተሽዋል አይደል?" አለኝ። "የቱን?" አልኩት። ትከሻዬን ቸብ አድርጎኝ ሄደ። እኔም በጓሮ በር ወጥቼ በቀጥታ ወደዚህ መጣሁ። ይህን ቃል በምሰጥበት ሰዓት የኢንግቫር መኪና ከጣቢያው ፊት ለፊት ቆማ በመስኮቱ ትታየኛለች።

የሰጠሁት ቃል ተነብቦልኝ እውነት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጫለሁ። ብቻዬን ወደ ቤቴ እንዳልመለስም ጠይቄያለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ቱሪድ ሀውገን
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ ኤይሊፍ ብራታስ