አቧራ የገባበት ካሜራ

ከለገሃር ወደ ካዛንቺስ በሚሄደው ታክሲ አንድ ወጣት ካሜራ ታቅፎ ከኋላዬ ተቀምጧል። አጠገቡ ያሉት እናት ጠየቁት።

«ተበላሽቶብህ ነው ልጄ?»

«ምስሉን የሚይዘው ሴንሰር ተጫረብኝ፣ እማማ።»

«ምን ነካው?»

«ቤታችን ሲፈርስ እያነሳሁ ሌንስ ቀየርኩ። አቧራው ገባ።»

«ታዲያ አትጠርገውም?»

«በሸሚዜ ጠረግኩታ! በአየር ብቻ ነበር መነፋት ያለበት፤ ጨርቁ ከአቧራው ጋር ጫረው። በቃ፣ ከዚያ ወዲህ ፎቶው ሁሉ ላይ መስመር አለ።»

«የቤታችሁም ላይ?»

«የቤቱስ ይቅር። አባዬ ያን ቀን በሩ ላይ ቆሞ አንሳኝ ብሎኝ ነበር። መስመሩ ዐይኑ ላይ ነው።»

«ድጋሚ አታነሳውም?»

«በወሩ ሞተብን።»

«ነፍስ ይማር። ፎቶ ቤት አያስተካክሉትም?»

«አስተካከሉት። ግን የሳሉለት ዐይን የእሱ አይደለም።»

እኔ አጠገቤ ተከፍቶ የመንገዱን አቧራ የሚያስገባውን መስኮት ቀስ ብዬ ዘጋሁት።