ገበር ያለው መስኮት

ብርዱ በጠናበት ሰሞን፣ ጡረታ የወጡ አንድ ልብስ ሰፊ ሽማግሌ ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ከሕንፃ ዕቃ መሸጫው ግቢ ገቡ። ጡብ ከተከመረበት ጥግ ቆሙና በጣታቸው እየጠቆሙ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ይሉ ጀመር። የሳሎናቸውን መስኮት ለመድፈን ስንት ጡብ እንደሚበቃ መገመታቸው ነበር። ግንበኛውን በማግስቱ እንዲመጣ ቀጥረውታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሚስታቸው ከሞቱ ሦስተኛ ዓመት ሊሆናቸው ነው። ልጆቻቸው ሥራ ወዳለበት ሄደዋል፤ ሲመቻቸው ይደውላሉ። መስኮቱን በጉብዝናቸው ዘመን ለስፌት ብርሃን ይሰጠኛል ብለው ራሳቸው ነበሩ ከመንገዱ ፊት ለፊት በሰፊው ያስከፈቱት። ነገር ግን ፀሐይ የማያገኘው ወገን ነው፤ መስታወቱም ነጠላ በመሆኑ ብርዱ እንደ ልቡ ይገባል። ስለዚህ ሁለት ዓመት ሙሉ በካርቶንና በብርድ ልብስ ሸፍነውት፣ ሳሎኑን ትተው ኩሽና ውስጥ ከምድጃው ሥር ኖሩ፤ በጓሮው በር ወጥተው በዚያው ይገባሉ። የስፌት መኪናቸው ከሳሎን ቀርታ አቧራ ለብሳለች። ሰው ቤቱን ሌባ ቢቀማው ይከሳል፤ ብርድ ሲቀማው ግን ለማን አቤት ይላል?

“አባቴ፣ አጥር ሊያሠሩ ነው?” የሚል ድምፅ ሰሙ።

ዞር ሲሉ ወፍራም የቆዳ ጓንት ያጠለቀች ወጣት ቆማለች። ከቴክኒክ ኮሌጅ ተመርቃ እዚያው ግቢ ካለው መስታወት ቤት የምትሠራ ልጅ ናት።

“የለም ልጄ፣ መስኮት ላስደፍን ነው።”

“ምነው? ምን አደረገዎት?”

“ምን ያላደረገኝ አለ! ጀርባዬን በላው፣ ጉልበቴን በላው። ግድግዳ ቢሆን ኖሮ ዝም ይለኝ ነበር።”

“መስኮቱ ምን በወጣው? ጥፋቱ የመስታወቱ ነው። መስታወቱን ይቀይሩት እንጂ አይድፈኑት።”

“መስታወት በመስታወት ብለውጥ ምን አተርፋለሁ? ያው መስታወት አይደለም እንዴ?”

“ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላል። ጊዜ ካለዎት ግቡና ላሳይዎት” አለች።

ጊዜ! ሽማግሌው ከጊዜ በቀር ምን አላቸው? ከቤት ከወጡ ጀምሮ ያነጋገራቸው ሰው እሷ ብቻ ስለነበረች ተከትለዋት ገቡ። እውነቱን ለመናገር መስታወት ሳይሆን ወሬ አምሯቸው ነው የገቡት።

ልጅቱ ደብተር የምታህል ናሙና አንሥታ ሰጠቻቸው። “ሁለት መስታወት ነው፤ በመካከሉ ደረቅ አየር ታሽጎበታል። ከሁለቱ በአንዱ ላይ፣ በውስጠኛው ገጽ፣ እጅግ ስስ የሆነ የብረት ልባስ አለ። የክፍሉ ሙቀት በመስኮቱ ሊወጣ ሲል ልባሱ ወደ ክፍሉ ይመልሰዋል። ብርሃኑን ግን አይከለክልም።”

ሽማግሌው ወደ ብርሃን አቅርበው አዩት፤ ገለባብጠው ዳሰሱት። “ልባሱ የታለ?”

“አይታይም። ስስ ነው አልኩዎት እኮ።”

“ልጄ፣ አርባ ዓመት ሙሉ ዓይኔ ያላየውን፣ ጣቴ ያልዳሰሰውን ጨርቅ ገዝቼ አላውቅም። ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ።”

“እንግዲያውስ እናዝልዎታለን!” አለች እየሳቀች።

ስንት የተማረ ሰው “ሳይንስ ነው” ብሎ አፍንጫውን ነፍቶ በሄደ ነበር። ይህች ግን ሽማግሌው መጠራጠራቸውን እንደ ንቀት አልቆጠረችውም። መብራቱን አጥፍታ ክብሪት ጫረችና ከናሙናው ፊት ያዘችው።

“ስንት ነበልባል ይታይዎታል?”

“አራት።”

“እያንዳንዱ መስታወት ሁለት ሁለት ገጽ ስላለው ነው። አሁን መልካቸውን ይዩ። ሁሉም አንድ ናቸው?”

ሽማግሌው መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አወረዱ። “አንዱ ቀላ ይላል። ሦስተኛው።”

“እሱ ነው ልባሱ።”

ከዚያ ትንሿን ማሞቂያ አብርታ ሁለት ናሙና በየተራ ከፊቷ አቆመችና መዳፋቸውን ከጀርባ እንዲያደርጉ ጠየቀቻቸው። ልባስ በሌለው በኩል መዳፋቸው ሞቅ አለ፤ ልባስ ባለው በኩል ግን ሙቀቱ ወደ መጣበት ተመለሰና ምንም አልተሰማቸውም። እጃቸውን ሁለት ሦስት ጊዜ እያቀያየሩ ሞከሩት።

“ለመሆኑ ሙያዎ ምንድን ነው አባቴ?”

“ልብስ ሰፊ ነበርኩ።”

“እንዲህ ያለ ካፖርት ሰውን የሚያሞቀው ላዩ ነው ገበሩ?”

“ይኼም ይጠየቃል? ገበሩ ነዋ! ላዩማ ለሰው ዓይን ነው።”

“ገበሩ ከውጭ ይታያል?”

ሽማግሌው የካፖርታቸውን ጫፍ ገልበጥ አድርገው ገበሩን አዩ። በገዛ መቀሳቸው ተቆረጡ።

ከዚያ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንዲህ አሉ፦ “እሺ፣ አምኛለሁ። ብቻ አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ከውጭ የሚያብለጨልጭ፣ አላፊ አግዳሚው ውስጡን የማያይበት አለ አይደል? እሱን አድርጊልኝ።”

“አለ፤ እሱ ግን ፀሐይ ለሚያቃጥለው መስኮት ነው የሚሻለው። ጥላ በሆነው ወገን ካደረግነው ያለዎትንም ብርሃን ይቀንስብዎታል። ለምን ነው መታየት የጠሉት?”

ሽማግሌው ናሙናውን ጠረጴዛው ላይ አስተካክለው አስቀመጡ።

“ልጄ፣ ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይባላል። ለስስታም የተተረተ ነው፤ እኔ ግን ስስታም ሆኜ አይደለም፣ አጠገቤ ሰው ጠፍቶ ነው። ባለቤቴ ሳለች ከዚያ መስኮት ሥር ነበር የምንበላው። ያለፈ ያገደመ ሁሉ እጁን ያነሣልን ነበር። እሷ ከሄደች በኋላ ግን ያው ሰው እኔ ዘንድ ሲደርስ አንገቱን ደፍቶ ያልፋል። አፈርኩ። ብቻዬን ስጎርስ መታየቱን አፈርኩ። ብርዱስ ሰበብ ሆነኝ እንጂ…”

ልጅቱም ጓንቷን አውልቃ አጠገባቸው ተቀመጠች።

“ይህን ኮሌጅ አላስተማሩኝም” አለች ቀስ ብላ። “ግን አባቴ፣ ሰዎቹ አንገታቸውን የደፉት የሚሉት ጠፍቷቸው ቢሆንስ? ሐዘንተኛ ፊት ቃል የማይጠፋው ማን አለ? እኔ የሚሰውር መስታወት ከገጠምኩልዎ ቃሉን የሚያገኙበት ቀን አይመጣም። ሙቀቱን እንያዝልዎት፤ ሰውን ግን ከደጅ አንመልስብዎት።”

“አንደበትሽ ከዕድሜሽ ይበልጣል” አሉ ሽማግሌው። “በይ፣ የሚያሳየውን አድርጊልኝ። ካልተስማማኝ ብርድ ልብሱ የትም አልሄደም።”

“እንግዲህ መጥቼ ልለካው።”

“እኔ እያለሁ? አርባ ዓመት ከሜትር ጋር የኖርኩ ሰው እኮ ነኝ!” ብለው ተቆጡ። ልጅቱም ሽማግሌ ማክበሯ ነው፣ ይሁን አለች። በማግስቱ በጥሩ እጅ ጽሑፍ የተጻፈ ልክ አመጡላት፤ እሷም በዚያው አዘዘች። ሽማግሌው ግን ለማንኛውም ብለው ጡቡን ገዝተው ግቢያቸው አስደረደሩ፤ የግንበኛውንም ቀጠሮ አራዘሙ።

መስታወቱ በመጣ ዕለት አሮጌው መስኮት ከነፍሬሙ ተነቀለ። አዲሱን አንሥተው ቢያቆሙት አልገባ አለ። በሁሉም ወገን ሁለት ሁለት ጣት ይተርፋል።

“አባቴ፣ እንዴት አድርገው ነው የለኩት?”

“ልክክ አድርጌ ነዋ።”

“ታዲያ ይኼ ትርፍ ከየት መጣ?”

“ትርፉማ ለስፌቱ ነው!”

ልጅቱ ሳቋ አመለጣት። ሽማግሌውም ጥፋታቸው ሲገባቸው አብረው ሳቁ፤ ከሚስታቸው ሞት ወዲህ እንዲያ ስቀው አያውቁም። “እንቁረጠዋ!” አሉ።

“አይቆረጥም። ታሽጎ የመጣ ነው፤ ከነካነው እሽጉ ይበላሻል። ጥፋቱ የኔም ነው፤ ይሉኝታ ይዞኝ ራሴ ሳልለካ አዘዝኩ። ማክበርና መለካት አይጣሉም ነበር።”

ሳቁ በረደ። ነፋሱ በባዶው ግድግዳ እየገባ የስፌት መኪናዋን አቧራ ያስነሣል። አሁንስ? ጡቡ ግቢ ውስጥ ተደርድሯል፤ አንድ ቀን ቢሠራ ሁሉ ነገር ያበቃል፣ ጨለማውም የዘላለም ይሆናል። ሽማግሌው ጡቡን አዩ፣ መንገዱን አዩ። በመጨረሻ እንዲህ አሉ፦

“እንግዲህ ልብሱ የማይጠብ ከሆነ ባለቤቱ ይወፍራ!”

ግንበኛው ተጠርቶ መሮና መዶሻውን ይዞ መጣ። “ለመድፈን አልነበረም እንዴ የተቀጣጠርነው?” ቢል፣ “ሐሳቤን ለውጫለሁ፤ አስፋልኝ” አሉት። ሰውየው ራሱን እየነቀነቀ ግድግዳውን በአራቱም ወገን ጠረበ። ልጅቱም በዚህ ጊዜ ራሷ ለክታ፣ ክብሪት ጭራ የልባሱን ወገን አረጋግጣ፣ መስታወቱን ገጠመች፤ ዙሪያውንም አንዲት ቀዳዳ ሳታስቀር ደፈነች።

ብርዱ ደጅ ቀረ። ሽማግሌው ግን የመጀመሪያውን ቀን ለመንገዱ ጀርባቸውን ሰጥተው ዋሉ። በሁለተኛው ቀን በጎን ተቀመጡ። በሦስተኛው ቀን ወንበራቸውን አዙረው፣ የምሳ ሳህናቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ሰው እያያቸው በሉ። አንዱ አንገቱን ደፍቶ አለፈ። ሌላዋም ስልኳን እያየች አለፈች። ልጅቱ ተሳስታለች ብለው ብርድ ልብሱን ሊያመጡ ብድግ አሉ።

በሩ የተንኳኳው ያኔ ነው። ከማዶ ያሉት ጎረቤታቸው፣ ጡረታ የወጡት ነርስ፣ ነጠላ ጫማ እንዳደረጉ መንገዱን ተሻግረው መጥተዋል።

“ጋሼ፣ አሉ እንዴ? እኔ እኮ ያ መስኮት ተሸፍኖ ሲከርም፣ ልጆችዎ ወስደውዎታል ብዬ ነበር!”

“እኔ ደግሞ ተረሳሁ ብዬ።”

ሁለቱም የሚሉት ጠፋቸው። ሽማግሌው ከዝምታው ለማምለጥ ያህል ስለ መስታወቱ ማስረዳት ጀመሩ። ነጠላው ያልብና ጥጉን ያሻግት እንደነበረ፣ ይኼኛው ግን ደረቅ መሆኑን፤ ማሞቂያ ጠዋት ትንሽ ከበራ ሳሎኑ እስከ ምሽት ለብ ብሎ እንደሚቆይ፤ ጉልበታቸው ቀለል እንዳላቸው፤ የመንገዱ ጫጫታ እንኳ መቀነሱን፤ ጥላ ላለበት ቤት ሙቀት የሚይዘው፣ ፀሐይ ለበዛበት ደግሞ ፀሐይ የሚመልሰው እንደሚመረጥ፤ ልኩን ግን ባለሙያው ራሱ መውሰድ እንዳለበት። ልጅቱ የነገረቻቸውንም ራሳቸው ያዩትንም አንዱን ሳያስቀሩ ተናገሩ። “ለእርስዎም ይበጅዎታል እህቴ፤ ነገውኑ ልጅቱን ላምጣልዎት” ብለው ደመደሙ።

ጎረቤቲቱ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰሙ።

“ገብቶኛል፤ ጥሩ ነገር ነው። አስገጥም ይሆናል” አሉ። “እኔ ግን የመጣሁት ለመስታወቱ አይደለም።”

“ታዲያ ለምን መጡ?”

“ሰው ብቻውን ሲበላ አይቼ።”

ሽማግሌው ወንበራቸውን ለጎረቤቲቱ አቀረቡላቸው። ሳሎኑ ውስጥ አንድ ወንበር ብቻ ስለነበረ ሁለተኛውን ሊያመጡ ወደ ኩሽና ገቡ። ወንበሩ በሩ ሥር ነበር፤ ዓይናቸውን እስኪጠርጉ ድረስ ግን ሳይወጡ ቆዩ።