የበግ ጠጉር ተሸክሜ ኮምቦልቻ የወረድኩ ለታ

በእኛ ጊዜማ እዚህ ሙጃ ደጋ ላይ ባና፣ ያን ወፍራም የበግ ጠጉር ልብስ፣ ሳይደርብ ከቤቱ የሚወጣ ወንድ አልነበረም። ብርዱን ታውቁት የለ? ታዲያ ባናውን የምሸምነው እኔ ነበርኩ። በጉን ሸልተን፣ ጠጉሩን አጥበን፣ በደጋን ነድፈን፣ ሴቶቹ ይፈትላሉ፣ እኔ እሸምናለሁ፣ እና መጨረሻ ላይ ጎረቤት ተጠርቶ ባናው ሙቅ ውኃ እየተደፋበት በእግር ይረገጣል፤ ጠላ እየተጠጣ፣ እየተዘፈነ፣ እስኪጠብቅ ድረስ። ያን ቀን ለመርገጥ ያልተጠራ ሰው ያኮርፍ ነበር እኮ።

እና የፋብሪካው ብርድ ልብስ መጣ። ቀላል፣ አበባ ያለበት፣ በጋሸና በኩል በመኪና እየተጫነ። ሰዉም የእርስዎ ባና ይከብዳል፣ ይኮሰኩሳል ይለኝ ጀመር። እኔ ግን አልተውኩም፤ ልጄ ደብሬ ትፈትልልኝ ነበራ። እናቷ ካረፈች ወዲህ የቀረችኝ ፈታይ እሷ ብቻ ነበረች። አንድ ቀን ታዲያ፣ "አባዬ፣ ኮምቦልቻ ክር ፋብሪካ ሰው ይቀጥራል አሉ፣ ልሂድ?" አለችኝ። ምን ልበል? እሷ ፈታይ ናት፣ ያም ክር ነው፣ ሂጂ አልኳት።

ሦስት ዓመት ሆናት። ናፈቀችኝ፣ በጣም ናፈቀችኝ። ታዲያ ምን አሰብኩ መሰላችሁ? ፋብሪካው የሚፈትል ከሆነ ጠጉር ይፈልጋል፣ ጠጉሩ ያለው እኛ ደጋ ነው፣ እና ጥራቱን ካዩ እዚሁ ሙጃ ይከፍቱና ልጄ ቤቷ ሆና ትሠራለች አልኩ። ሞኝነቴን አያችሁልኝ? አንድ ጆንያ ሙሉ የታጠበ ጠጉር ተሸክሜ ወረድኩ።

የበሩ ጥበቃ ጆንያውን ፈትቶ አየና፣ ጨዋ ሰው ነው፣ "አባቴ፣ የኛ ክር እኮ ከነዳጅ ነው የሚሠራው፣ ጥሬ ዕቃውም በመርከብ ነው የሚመጣው" አለኝ። ነዳጅ እንዴት ይለበሳል ብዬ ብጠይቀው ሳቀና ልጄን ጠራልኝ።

ደብሬ ጆሮዋ ላይ ጥጥ ወትፋ መጣች። አቀፈችኝ። እዚህም ትፈትያለሽ ወይ አልኳት።

"አይ አባዬ፣ የሚፈትለው መኪናው ነው። እኔ ቀኑን ሙሉ እየዞርኩ የተበጠሰውን ነው የምቀጥለው።"

በቃ ተመለሺ፣ አብረን እንሥራ አልኳት። "ብመለስስ ማን ይለብሰዋል አባዬ?" አለችኝ።

እናንተስ ብትሆኑ ምን ትመልሱ ነበር? ጠጉሩን ግን አስቀረችው፤ ትራስ አደርገዋለሁ፣ ሽታው ቤት ቤት ይለኛል አለች። አልደብቃችሁም፣ አውቶቡሱ ውስጥ እስከ ወልድያ አለቀስኩ።

ኮምቦልቻን አልጠላትም። ልጄን አብልታለች፣ አልብሳለች። ግን እነሱ ዘንድ ሰው ሲበዛ እኛ ዘንድ ጎጆው ሁሉ ዝም አለ። ዛሬ ባና ቢሸመንስ የሚረግጠው እግር ከየት ይመጣል?

(ይኼን ጊዜ ላሊበላ ላይ ሆቴል ያለው የእህታቸው ልጅ ጨዋታቸው መሀል ገባ።) "አጎቴ፣ ለእንግዶቼ አሥር ባና ይሥሩልኝ። ሌሊት ሌሊት ብርዱ አስቸግሯቸዋል።"

"አሥር? የምርህን ነው?"

"የምሬን ነው።"

"እንግዲያው ምን ታየኛለህ፣ ለደብሬ ደውልላታ! አሥር ሰው ሊለብሰው ነው በላት።" (ሳቁ፤ ዓይናቸውን ግን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።)