አውሮፕላን መሸኘት

ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነው። ከፊቴ አንድ ሽማግሌና አንዲት ነጋዴ ሴት ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

«ከየት እየመጡ ነው፣ አባቴ?»

«ከአዲስ አበባ። ልጄን ወደ ዱባይ ልሸኝ አውሮፕላን ማረፊያ ሄጄ።»

«እሰይ! እንዴት ነው ታዲያ ማረፊያው?»

«ምኑን አየሁት ብለሽ! ከመኪና ማቆሚያው አላለፍኩም። በሩ ለመንገደኛ ማንም ሳይነካው ይከፈታል፤ ለሸኚ ግን ጥበቃው ዱላውን ያጋድማል።»

«ወይ ጉድ! እንዲህ ያለ ሽኝት አለ?»

«እኔስ በወጋችን ሸኘኋት። መንገደኛ ከዓይን ሳይሰወር ጀርባ አይሰጠውም። የትኛው የእሷ እንደሆነ ስለማላውቅ፣ የተነሳውን አውሮፕላን ሁሉ ቆሜ መረቅሁ።»

«አሜን! በሰላም ገባች?»

«አንዱን መርቄ ዞር ስል ከኋላዬ ቆማለች። ወረቀትሽ ጎደሎ ነው ብለው መልሰዋታል።»

«እኔን! አሁን የት ናት?»

«ያቻትልሽ፣ ከኋላ ወንበር።»

«አገርዎ ወዴት ነው?»

«አዘና። አንቺ እዚያ ዘመድ የለሽም አይደል?»

«የለኝም። ግን አዘና እኮ በዚህ በኩል አይደለም፣ አባቴ!»

«መንገዱ መች ጠፋኝ? አገሬው በግ አርዶ፣ አልቅሶ፣ መርቆ የሸኛትን ልጅ በሳምንቱ ይዣት ልግባ? ዳንግላ እህቴ ዘንድ ትቀመጣለች።»

«እስከ መቼ?»

«ከዱባይ እስክትመለስ ነዋ!»

ዳንግላ ደርሰን ልጅቱ አዲሱን ሻንጣዋን እየጎተተች በአጠገቤ ስታልፍ፣ «እንኳን ደህና መጣሽ» ልበላት ወይስ «መልካም መንገድ» እያልኩ ሳመነታ አመለጠችኝ።