ሞቲ ሞት አይደለም

ነቀምቴ ፍርድ ቤት አስተርጓሚ ሳለሁ፣ መሬታቸውን የተነጠቁ የአርጆ ሽማግሌ በኦሮምኛ አቤት ሲሉ "ሞቲ፣ ሞቲ" ይላሉ። አማርኛ ብቻ የሚያውቁት ዳኛ ቱግ አሉ። "ችሎቴ ላይ ሞት የሚጠራው በማን ላይ ነው?"

"ጌታዬ፣ ሞቲ ንጉሥ ማለት ነው፤ ንጉሡ ይፍረዱልኝ ነው የሚሉት" አልኩ። ቃሉ ከማሸነፍ እንጂ ከሞት እንዳልመጣ እስኪታክተኝ አስረዳሁ።

"ቢሆንም ንጉሥና ሞት አብረው አይነሡም። ንገረው" አሉ። ነገርኳቸው።

ወዲያው ዳኛው "በል አሁን እውነት መናገሩን 'ጃንሆይ ይሙት' ብሎ ይማል" አሉኝ። ምን ላድርግ? ተረጎምኩ።

ሽማግሌው ደንግጠው አዩኝ። "ልጄ፣ መሬቴ ይቅር እንጂ ሞቲዬን ይሙት አልልም" ብለው እምቢ አሉ። ይህንንም ተረጎምኩ። ዳኛው እኔው ላይ አፈጠጡ። "ምን ብለህ ነው የተረጎምክለት?"